ቀድሞ የሚወጣውን የምትጠብቅ

እኔ ፎርም የምወድ ሰው ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናዘዝ። በሶዶ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድና ሪፖርት ስጽፍ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ሳይሞላ የቀረ ቦታ ያለበት ወረቀት ሳይ ብዕሬን አወጣለሁ። ታዲያ የአጥቢያችን የወጣቶች አገልግሎት ሰብሳቢ ሆኜ ስመረጥ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ የአዲስ መጪዎች መመዝገቢያ ፎርም ማዘጋጀት ነበር። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ሥራ፣ የመጣበት አጥቢያ፣ መሸኛ አለው ወይስ የለውም። መሸኛ ማለት አንድ ሰው ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ሲዛወር ሽማግሌዎቹ «ልጃችን ነው፣ በሰላም ሸኝተነዋል» ብለው ፈርመው የሚሰጡት ደብዳቤ ነው፤ ያለ እሱ በእኛ ዘንድ መዘምራን ውስጥ መግባትም ማግባትም አይታሰብም። ፎርሙ አምሮ ታተመ። ሃምሳ ቅጂ ለብሩክታይት ኤርካሎ ሰጠኋት። አመስግና ተቀበለችኝ። በሳምንቱ ከጀርባው የሚኒባሶች ተራ ተጽፎበት አገኘሁት።

ብሩክታይት የአዲስ መጪ ወጣቶች አቀባበልና ክትትል ኃላፊያችን ናት፤ በዚህ ሥራ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። እንጀራዋን የምትበላው በመናኸሪያው የስምሪት ሠራተኛ ሆና ነው። የአረካው፣ የጉኑኖው፣ የሃላሌው መኪና የሚወጣው እሷ ውጣ ስትል ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አጭር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ሾፌሮች ግን ይፈሯታል። አማርኛዋ ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅላል። ከሩቅ አገር የመጣ ሾፌር «መኪናዋ ሞልቷል» ስትል ሰምቶ ከሳቀባት እሷም አብራው ትስቅና ተራውን ለኋለኛው ትሰጥበታለች። ይህን የምጽፈው እሷን ላመሰግን ነው። ብትሰማ ደስ እንደማይላት አውቃለሁ፤ ቢሆንም እኔ ካለብኝ ውለታ ጋር ሲተያይ የእሷ ቁጣ ቀላል ነው።

እሑድ ከሰዓት በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ማይኩን ይዤ «በመካከላችን አዲስ የመጣችሁ ብድግ በሉ» እላለሁ። ይነሳሉ፣ ስማቸውንና የመጡበትን ይናገራሉ፣ እናጨበጭባለን፣ እንዘምርላቸዋለን፤ ከዚያ ወደ ኋላ ክፍል ገብተው ዳቦና ለስላሳ ይዘው ፎርም ይሞላሉ። የክትትል ቡድኑ በሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲርመሰመስ ኃላፊያቸው የለችም። የት ናት ስል፣ የመዝጊያው ጸሎት ሳይጀመር ከግቢው በር ላይ ቆማለች። አንድ ቀን ተናድጄ ወጣሁና እንግዶቹ ውስጥ ሆነው ውጭ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቅኋት።

«እነሱማ ተነስተዋል፣ ስማቸውን ተናግረዋል፣ ሰው አይቷቸዋል» አለችኝ። «እኔ የምጠብቀው ጸሎቱ ሳያልቅ የሚወጣውን ነው።»

እውነትም በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ብሩክታይት አታስቆመውም። መንገዱ መንገዷ እንደሆነ ሁሉ አብራው ትራመዳለች። ስለ ቤተ ክርስቲያን አታነሳም። ሦስት ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ የት ትኖራለህ፣ ከማን ጋር ትበላለህ፣ ብትታመም ማን ያውቃል? ሦስተኛውን ጥያቄ «ማንም» ብሎ የመለሰ ሰው ረቡዕ ዕለት ብሩክታይት በሩ ላይ ናት። ብቻዋን ትሄዳለች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ቦርሳዋ ውስጥ ትተዋለች፤ እጇ ላይ ራሷ የፈጨችው ዳታ የሚባል የቃሪያ ማባያ በትንሽ ብልቃጥ አለ። ያ ቃሪያ ከሚጥሚጣም ይብሳል፤ የቀመሰው ሰው ግን ብልቃጡን ሊመልስ መምጣቱ አይቀርም።

ከእሷ በፊት የነበረውን ጉብኝት ልንገራችሁ፤ እንድታፍሩልኝ። ስድስት ሆነን፣ ጊታር ይዘን፣ አንዲት አዲስ የባንክ ሠራተኛ የተከራየችበት ክፍል ገባን። አከራይዋ እምነታቸው ከእኛ የተለየ፣ ጾም ላይ ያሉ ሴት ነበሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እያጨበጨብን ዘመርን። ልጅቷ በሳምንቱ ቤቱን ልቀቂ ተባለች፤ እኛ ጋም ዳግመኛ አልመጣችም። በወቅቱ ሪፖርት ላይ ይህ ጉብኝት «ፍሬያማ ነበር» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ብሩክታይት ይህን ሁሉ ከማን ተማረችው ብላችሁ እንደሆነ፣ ከማንም አልተማረችም። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከጉኑኖ መጥታ አክስቷ ጋ ስትቀመጥ እዚሁ አጥቢያ ገባች፤ ብድግ በሉ ተባለ፣ ተነሳች፣ ማይክ ሰጧት። አማርኛው ከአፏ አልወጣ ብሎ ተርበተበተች፤ ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ግን በሚቀጥለው እሑድ ቀረች፣ ከዚያም ስድስት ወር ቀረች። አንድ ቀን ማን መጥቶ እንደመለሳት ጠየቅኋት፤ ደግ አሮጊት ወይም ትጉ ዲያቆን ይኖራል ብዬ ገምቼ ነበር። «ማንም አልመጣም፤ ሲሰለቸኝ ራሴ ተመለስኩ» አለችኝ። ያለ ቂም ነው ያለችው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ።

አሁን ወደ አሮን ልግባ።

አሮን የመጣው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። በበሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻ አግዳሚ ተቀመጠ፣ ብድግ በሉ ስል አልተነሳም፣ ጸሎቱ ሲጀመር ወጣ። እኔ አላየሁትም። ብሩክታይት ግን በበሩ በኩል ስታየው የወላይትኛውን ዝማሬ ዓይኑን ጨፍኖ አንድም ቃል ሳይስት ይዘምራል። ለቤተ ክርስቲያን አዲስ እንዳልሆነ፣ የሚሸሸው ሰውን እንደሆነ ያን ዕለት ገባት። አብራው ሄደች። ላቫጆ ቤት መኪና ያጥባል፤ ከላቫጆው ጀርባ ባለች ክፍል ያድራል፤ የሚበላው ብቻውን ነው። ቢታመም ማን እንደሚያውቅ ስትጠይቀው ሳቀና እርምጃውን አፈጠነ።

አራት ወር ሙሉ ከሥራ ስትወጣ በላቫጆው በኩል ታልፍ ጀመር። የካቲት ላይ አንድ ረቡዕ ከቦታው አጣችው። ክፍሉ ስትገባ በታይፎይድ ተይዞ ውኃ የሚያቀብለው እንኳ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ዘጠኝ ቀን ሾርባ አመላለሰችለት። ታሪኩን የነገራት በእነዚያ ቀናት ነው። እኔ የሰማሁት በኋላ ነው፤ አሁን የምነግራችሁም እሱ ፈቅዶልኝ ነው።

አሮን የሃላሌ ልጅ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ገደማ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነሳ የአጥቢያው ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸልየውለታል፣ መዘምራኑ ዘምረውለታል፣ እናቱ በሬያቸውን ሸጠዋል። በሞያሌ ወጣ። አንድ የጭነት መኪና ላይ ከማያውቃቸው አምስት ልጆች ጋር ተጫነ፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ሞቱ፣ እሱና የቀሩት ታንዛኒያ ውስጥ ተያዙ። አሥራ አራት ወር ታስሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሶዶ መናኸሪያ ሲደርስ የሃላሌው ሚኒባስ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ሦስት ጊዜ ገብቶ ተቀመጠ፣ ሦስት ጊዜ ወረደ። በጸሎት የተሸኘ ሰው ባዶ እጁን ምን ብሎ ይገባል? ሶዶ ቀረ። ጆሃንስበርግ ያለ አንድ የአገሩን ልጅ ለመነና፣ ያ ልጅ በወር አንዴ ለእናቱ እየደወለ «አሮን ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው» ይላቸው ጀመር። ራሱ የማይደውለው፣ እናቱ ድምፁን ከሰሙ እንደሚያውቁበት ስለሚያውቅ ነው።

ብሩክታይት ለማንም እንደማትናገር ቃል ገባችለት። በእኔ ፎርም ላይ «አሮን፣ ላቫጆ» ብላ ጻፈች፤ ሌላው ሁሉ ባዶ። ከየት ነው ብላት «ሲፈልግ ይናገራል» አለችኝ። ሥራዋን እንደማትሠራ ለኮሚቴው አመለከትኩባት። ኮሚቴው ምከራት አለኝ፤ መከርኳት። አዳመጠችኝና ሰዓቷን አይታ የአረካ መኪና የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል ብላ ሄደች።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ አዳራሹን ስናጸዳ አሮን ሊያግዝ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። አብረን አግዳሚ ተሸከምን፤ ጠንካራ፣ ትሑት፣ ቀልድ የሚገባው ልጅ ሆኖ አገኘሁት፤ ወደድኩት። የወላይትኛ አነጋገሩ ሃላሌ የምትገኝበት የኪንዶ ዲዳዬ ሰው አስመሰለውና ሸክሙን እንደያዘ በድንገት «ሃላሌ ነህ እንዴ?» አልኩት። ሳያስበው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ባዶውን ቦታ ስለሞላሁ ደስ አለኝ። ማታውን፣ በአንድ ሥልጠና ላይ ለማውቀው ለሃላሌ አጥቢያ ጸሐፊ ደወልኩና ልጃችሁ አሮን እኛ ጋ እያገለገለ ነው፣ እባካችሁ መሸኛውን ላኩልን አልኩ።

ጸሐፊው የትኛው አሮን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ መልኩን ነገርኩት። «የአሳየሽ ልጅ? እሱ ደቡብ አፍሪካ ነው እኮ» አለኝ። እኔም የማውቀውን ለማሳወቅ ቸኩዬ፣ ምን ደቡብ አፍሪካ፣ ዛሬ ጠዋት ከእኔ ጋር አግዳሚ ሲሸከም ነበር አልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ግን ወለምታ መሆኑም አልገባኝም፤ የጠፋ ሰው ያገናኘሁ መስሎኝ እንቅልፌን ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት የምሥራቹን ልነግራት መናኸሪያ ሄድኩ። ብሩክታይት ሰምታኝ ስታበቃ የስምሪቱን ወረቀት አጠፈችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ አንዴ ከወጣ ወዲያ መደበቁ ጥቅም የለውምና፣ አሁን የጻፍኩላችሁን ሁሉ እዚያው ጥሩንባ መሀል በአጭሩ ነገረችኝ። ብትጮኽብኝ በወደድኩ። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ወንድም ታምራት፣ የአንተን ጥፋት በኋላ እንነጋገራለን» አለችኝ። «አሁን ልጁ ይቀድማል። ተነስ።»

ላቫጆው ጋ ስንደርስ የለም። ባለቤቱ ጠዋት ልብሱን ጠቅልሎ እንደወጣ ነገረን። ወሬው እሑድ በሃላሌ አጥቢያ ተሰምቶ፣ አንዱ ጆሃንስበርግ ወዳለው ልጅ ደውሎ፣ ያ ልጅ ደግሞ ለአሮን ደውሎ ኖሯል። ሁለታችንም የፈራነው አንድ ነገር ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ያንኑ መንገድ ዳግመኛ ሊጀምር ነው። ከስድስት ሁለት የሚገድል መንገድ ነው፤ ላኪውም በስልክ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ብሩክታይት ለፖሊስ አልደወለችም፣ ለሽማግሌም አልተናገረችም። ማክሰኞ ጠዋት እየተመላለሰች የየመኪናውን ረዳት አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ያዙልኝ ሳይሆን አይታችሁታል ወይ እያለች። እኩለ ቀን ላይ የአረካው ረዳት ሰማያዊ ቦርሳ የያዘ ልጅ ዱቦ ሆስፒታል አጠገብ እንዳወረደ ነገራት። ተራዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ ተነሳች። ወሬ ልጠይቅ የመጣሁት እኔ ሥራ አለብኝ ለማለት አፌን ስከፍት ያበላሸ ሰው አብሮ ይሄዳል አለችኝና ወንበር ያዘችልኝ።

ከሆስፒታሉ መንገድ ወርደን፣ ቦይና በምንለው ጎደሬና በእንሰት ማሳ መሀል ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄደን፣ አንድ የድሮ ጓደኛው ግቢ ውስጥ አገኘነው። እኔን ሲያይ ሊሄድ ተነሳ። እሷን ሲያይ መልሶ ተቀመጠ። ብሩክታይት እኔ እንድጀምር በዓይኗ ነገረችኝ፤ ይቅርታ ጠየቅሁት። አሮን አላየኝም። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ደላላው እንደሚደውልለትና እንደሚሄድ ብቻ ተናገረ።

«እኔ ልመልስህ አልመጣሁም» አለችው ብሩክታይት። «ነገ ሃላሌ እሄዳለሁ። እናትህ ሰምተዋል፤ እኔ ባልሄድ ሌላው ሄዶ የመሰለውን ይነግራቸዋል። ምን ብሏል ልበልልህ?»

አሮን ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበ። «ሞቷል በያቸው» አለ።

«እሱን አልልም። ሌላ ፈልግ።»

እኔ ጥቅስ ሊመጣልኝ ነበር፤ አፌን ልከፍት ስል ብሩክታይት ጉልበቴን ተጫነችኝ። አሮን መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ በመጨረሻ «በሕይወት አለሁ በያቸው፤ ሌላ የምለው የለኝም» አለ። ይበቃል አለችው። ሐሙስ ጠዋት የእናቱን መልስ ይዛ እንደምትመጣ፣ ቢሄድም ሰምቶ እንዲሄድ ነገረችውና ተነሳን።

ረቡዕ ሃላሌ ገባን። ወይዘሮ አሳየሽ ከከተማው ወጣ ባለ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከሳ ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። ጸሐፊው እሑድ ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ ወይ ቁጣ ወይ ደስታ ጠብቄ ነበር። ፊታቸው ላይ አንዱም የለም። አስቀመጡን፣ ስለ መንገዱ ጠየቁን፣ ከዚያ ደግሞ ስንተኛ ውሸት ይዘን እንደመጣን ጠየቁን።

ልጃቸው እንደሞተ ካወቁ ቆይተዋል። አሥራ አራት ወር ድምፁ ጠፋ፤ ከዚያ አንድ የማያውቁት ሰው እየደወለ ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው ይላቸዋል። ልጄ በሕይወት ካለ፣ የጉልበቴን ሕመም አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ ይቀራል? አሉን። እንደሞተ ገባቸው፤ የሞተበትን ቀን ግን ማንም አልነገራቸውም። ለቅሶ መቀመጥ አልቻሉም፤ አጥቢያው በየወሩ ስሙን ጠርቶ በባዕድ አገር ላለው ልጃችን እያለ ይጸልያል። እናት ብታለቅስ እምነት የላትም ይሏታል። እንሰት ለመፋቅ ጓሮ ሲገቡ እዚያ ያለቅሳሉ፤ ሰው ሲመጣ ይነሳሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን ፊቴን የማዞርበት አጣሁ።

«እሱ ራሱ ልኮኝ ነው» አለቻቸው ብሩክታይት። «በሕይወት አለሁ በያቸው ብሎኛል።»

ደዋዩም የሚለው ያንኑ ነው አሉ። የአሮንን ስልክ ብንሞክር ዝግ ነው። ብሩክታይት ወደ ፊት ጠጋ አለችና በቀስታ በወላይትኛ ተናገረች። «የካቲት ላይ ታሞ ዘጠኝ ቀን አጠገቡ ነበርኩ። ትኩሳቱ ሲነሳበት ጆሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ ይጎትታል። እንቅልፍ እስኪወስደው አይለቀውም።»

የወይዘሮ አሳየሽ እጅ ወደ ገዛ ጆሮአቸው ሄደ። «የትኛውን?» አሉ።

«የግራውን።»

ተነሱ። ነጠላቸውን አንስተው ወገባቸው ላይ አሠሩና በሩን እንኳ ሳይዘጉ ወደ መኪናው መንገድ ወጡ። ዘግቼ የተከተልኩት እኔ ነኝ። ማታውን ብሩክታይት ቤት አደሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሰዎች እኔ ባልደውል ኖሮ እናትየው እውነቱን አያውቁም ነበር ይሉኛል፤ ሊያጽናኑኝ ነው። አልቀበልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንጂ ሌላ አይደለም፤ ያውም የለቀመችው ብሩክታይት ናት። ያንን ጆሮ ያየችው ዘጠኝ ቀን ሾርባ ስላመላለሰች ነው። ለዚያ የሚሆን ቦታ በፎርሜ ላይ አልነበረም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዱቦ ደረስን። አሮን ሰማያዊ ቦርሳውን አጠገቡ አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ብሩክታይትን አየ፣ እኔን አየ፣ ከኋላችን እናቱን አየ። ተነስቶ ቆመ፤ ወደ ፊት ግን መራመድ አልቻለም። ወይዘሮ አሳየሽ ቀረቡ። ትከሻውን ያዙ፣ ክንዱን ያዙ፣ ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ የለቅሶ ድምፅ አወጡ። የደስታ እንባ አይደለም፤ በአገራችን ሰው ሲሞት የሚወጣው ድምፅ ነው። ቁመቱን እየጠሩ፣ ደግነቱን እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ፊት ለፊታቸው የቆመውን ልጃቸውን ሙሾ አወረዱለት። አሮን እጃቸውን ሊይዝ ይሞክራል። «እናቴ፣ አለሁ፤ አልሞትኩም እኮ» ይላል። አልሰሙትም።

ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ከማሳቸው በጭቃ እግራቸው እየሮጡ፣ ማን ሞተ እያሉ በሩ ላይ ተጨናነቁ። እኔ አፈርኩ። ሄጄ ዝም ላሰኛቸው ስል ብሩክታይት ክንዴን ያዘችኝና ራሷ ወደ በሩ ሄደች።

«የሞተ ሰው የለም» አለቻቸው። «እኚህ እናት ልጃቸውን ለብቻቸው ሲያለቅሱ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ማንም አብሯቸው አልተቀመጠም። ልጁ ያ የቆመው ነው። ግቡና አብራችኋቸው አልቅሱ።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም ወይዘሮ አሳየሽን አያውቋቸውም። ግን ገቡ። ሴቶቹ ከበዋቸው ተቀመጡ፣ ሙሾውን ተቀበሏቸው፤ ወንዶቹ አጥሩን ተደግፈው አቀረቀሩ። አሮን የራሱን ለቅሶ ሲሰማ እናቱ እግር ሥር ተቀመጠ። ብሩክታይትም አለቀሰች። እኔም፣ ለምን ልደብቅ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

እንዲህ እያለን የአሮን ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ሐሙስ ነው፣ ምሳ ሰዓት ነው፤ ማን እንደሆነ አወቅን። አውጥቶ አየው፣ አላነሳውም፣ አልዘጋውምም። ጥሪው አቁሞ እንደገና ጮኸ። ብሩክታይትን አየኋት፤ ወደ እሱ እንኳ አልዞረችም። ቦርሳው እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር።

የወይዘሮ አሳየሽ ድምፅ እየደከመ መጣና ዝም አሉ። ለቅሶ ሲያበቃ እንደሚደረገው አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ሥር ተነስተው መጡ፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ያዙና «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏቸው። ከዚያ ወደ አሮን ዞሩ። ለእሱ ምን እንደሚባል ጠፋባቸው፤ ሟቹም ሐዘንተኛውም እሱ ነው። ጥቂት አሰቡ።

«አንተም አጽናናት» አሉት።

አሮን ቀና ብሎ አያቸው። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አጠፋው።

«እሺ፣ አባባ» አለ።